ጅቡቲ፣ ዋታሙ፣ ኤላት ወይስ ሐዋሳ? ወፍና የባህር እንስሳ ለማየት የትኛው ይሻላል

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ላይ ያዘችኝ። ልጆቿን ባህር ልታሳይ አስባለች። "ግን አሸዋ ላይ ተጋድመን፣ ጠቁረን መመለስ አይደለም የምፈልገው" አለች። "ወፍ በለው፣ ኤሊ በለው፣ የሆነ የሚታይ ነገር ያለበት ቦታ ንገረኝ።"

መጀመሪያ የጠየቅኳት ፈቃድ መቼ እንደምትወጣ ነው። ገርሟት አየችኝ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከሆቴልና ከዋጋ ነው። ሆቴሉ ግን ዓመቱን ሙሉ የትም አይሄድም። የሚሄዱት ወፉና ዓሣው ናቸው። በሐምሌ ጅቡቲ ወርዶ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው ላብ አጥቦት ይመለሳል። በሚያዝያ መጨረሻ ኬንያ ዋታሙ የሄደ ደግሞ ዝናብ ሲቆጥር ይከርማል።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ገና ሰሞን ከሆነና ዋና የምትችሉ ከሆነ፣ ጅቡቲ። ልጆች ካሉ፣ ብዙ ዓይነት ነገር በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ዋታሙ። እስራኤል የምትኖሩ ከሆነና መጋቢት ላይ እረፍት ካገኛችሁ፣ ኤላት። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ካላችሁ ሐዋሳ። ሐዋሳ ባህር አይደለም አትበሉኝ። ባሕር ዳር የምንለው ከተማ ራሱ ሐይቅ ዳር ነው ያለው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ።

ጅቡቲ፦ አንድ ነገር፣ ግን ትልቅ

ጅቡቲ ለእኛ የቅርብ ባህር ነው። የወላጆቻችን ትውልድ ባህር ሲባል ምጽዋን ያነሳ ነበር። የእኛ ትውልድ ጅቡቲን የሚያውቀው በኮንቴነር ነው። ከወደቡ ትንሽ ወጣ ብሎ ምን እንዳለ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ያለው ዌል ሻርክ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ። ሻርክ መባሉ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፤ ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉት ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ፕላዥ በሚባለው ዳርቻ አካባቢ ይሰበሰባል። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሆናሉ። "ያላደጉ" ስላልኩ አትናቁ፤ ከሚኒባስ ታክሲ ጋር የሚተካከል ዓሣ ነው።

ከጀልባው ወርጄ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ነበር። ውሃው በፕላንክተን ደፍርሷል። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ አፍ መጣ። የተከፈተ፣ ጠፍጣፋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጭንቅላቱን ስፋት የያዘ አፍ። እኔን ከቁብም አልቆጠረኝም። ትንሽ ዘወር አለና በጎኔ አለፈ። ግራጫው ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። የነጠብጣቦቹ አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። አጥኚዎች ዓሦቹን የሚለዩት በፎቶ ነው፤ ከስንጥባቸው (ከሚተነፍሱበት ቀዳዳ) ጀርባ ያለውን ቆዳ ፎቶ አንስተው ያመሳክራሉ። ጅራቱ እስኪያልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ይሄ የሁለተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ተበላሽቶብኛል። የተከራየነው ጀልባ ነጂ ዓሣው በታየ ቁጥር ሞተሩን አስጩሆ ፊቱን ይዘጋበታል። ሌሎች ሦስት ጀልባዎችም እንደዚያው። ዓሣው ወደ ታች ጠለቀ፤ እኛም ባዶ ውሃ አይተን ተመለስን። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ዓሣው ሲታይ ሞተር ታጠፋላችሁ?" መልሱ ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ። እናንተም ብትሆኑ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፤ መንካት የለም፤ ፍላሽ የለም።

ወፍስ? አለ፤ ግን ልፋት አለው። ትልልቅ ክንፍ ያላቸው ወፎች ረጅም መንገድ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አይሄዱም። ከሞቀ መሬት የሚነሳ አየር ላይ ይሳፈራሉ። እየዞሩ ወደ ላይ ይወጡና ቁልቁል እየተንሸራተቱ ይጓዛሉ። ባህር ላይ እንዲህ ያለ አየር ብዙም አይነሳም። ስለዚህ ባህሩ የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ባብ ኤል መንደብ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ንስሩም ጭልፊቱም ከየመን ወደ ጅቡቲ በዚያ በኩል ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ላይ እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል። ከመካከላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ከመካከለኛው እስያ ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ እኛ ጋ በጋውን የሚያሳልፉ አሉ። ባሌ ሳነቴ ላይ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ትልቅ ቡናማ ንስር ካያችሁ፣ በዚያች ጠባብ ባህር በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለጀማሪ ይህን አልመክርም። ቦታው ሩቅ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ወታደራዊ አካባቢ ስለሚበዛ ካሜራና የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ ብቻውን የሚዞር ሰው ጥያቄ ይበዛበታል። ያለ አገሬው አስጎብኚ አትሞክሩት። በቀላሉ የሚታየውን ከፈለጋችሁ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ ሂዱ። ኮራልም፣ ማንግሮቭ የሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍም አለ። በመንገድ ላይ ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ምልክት ያለው ሲጋል የሚባል የባህር ወፍ ታያላችሁ። ይሄ ወፍ ከቀይ ባህርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ርቆ አይኖርም፤ አውሮፓ ያሉ ወፍ ወዳዶች እሱን ብለው አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ተራራ የሚወጣ ጉልበት ያለው ደግሞ ወደ ዴይ ደን ይሂድ። የጅቡቲ ቆቅ የሚባል በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለ ወፍ እዚያ ይኖራል። የሚኖርበት የጥድ ደን እየደረቀበት ስለሆነ ሊጠፋ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው።

መሄጃው? አውሮፕላን አለ። ከፉሪ ለቡ እስከ ናጋድ የሚሄድ ባቡርም አለ፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመንገደኛ ባቡሩ ቀን ስለሚለዋወጥ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጅቡቲ ውድ ናት፤ ይህን ሳታውቁ አትሂዱ። ምግቡ ግን ይክሳል። ለሁለት ተሰንጥቆ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ የተጠበሰው የየመን ዓሣ ከትልቅ ትኩስ ቂጣ ጋር ሲመጣ ሂሳቡን ትረሱታላችሁ።

ዋታሙ፦ እኔ ብሆን የምመርጠው

አድልዎዬን ልደብቅ አልችልም። የኬንያዋ ዋታሙ ከሞምባሳ በስተሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከአንድ ማደሪያ ተነስታችሁ ጠዋት ደን፣ ቀትር ላይ ኮራል፣ አመሻሽ ላይ ወፍ ማየት ትችላላችሁ። በሌሎቹ ሦስት ቦታዎች ይህን አታገኙም።

በወፉ ልጀምር። ከከተማዋ ጀርባ ሚዳ ክሪክ የሚባል ባህሩ ወደ የብስ የገባበት ቦታ አለ። ዙሪያውን ማንግሮቭ ከቦታል። ባህሩ ሲሸሽ ሰፊ ጭቃ ይገለጣል። በጭቃው ውስጥ ሸርጣንና ትል ሞልቷል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት እዚያ ይመገባሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ባህሩ ሙሉ በሙሉ ሲሸሽ ከሄዳችሁ ወፎቹ ጭቃው ጫፍ ላይ ናቸው፤ ነጠብጣብ ነው የምታዩት። ሞልቶ ሳለ ከሄዳችሁ ደግሞ ጭቃው የለም፤ ወፎቹም የሉም። ትክክለኛው ጊዜ ባህሩ መሙላት ሲጀምር ነው። ውሃው ወፎቹን እየገፋ ወደ እናንተ ያመጣቸዋል።

እኔ ማንግሮቩ መሃል በገመድ በተንጠለጠለው የእንጨት መተላለፊያ ሄጄ ጫፉ ላይ ያለው መጠለያ ውስጥ ተቀመጥኩ። እንጨቱ ሲረገጥ ይወዛወዛል፤ ከፍታ የሚፈራ ሰው አያዝናናውም። ከአስር ሰዓት ጀምሮ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ውሃው በጭቃው ቦዮች ውስጥ ዝም ብሎ መግባት ጀመረ። ጥቁርና ነጭ የለበሱ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በቡድን ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መጡ። ሸርጣን በል የሚባሉት ናቸው። ምንቃራቸው ከሰውነታቸው ጋር አይመጣጠንም፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ የአናጢ መሣሪያ የሚመስል። አንዷ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጠች፣ ቆመች፣ ወጋች። ሸርጣኑን እያራገፈች እግሮቹን አንድ በአንድ አረገፈችለት። ከዚያ ዋጠችው። ልጇ አጠገቧ ቆሞ እየጮኸ ይለምናታል።

ይህች ወፍ የምትፈለፍለው በቀይ ባህርና በዓረብ ባህር ዳርቻዎች ነው። እንደሷ ባሉ ረጅም እግር የጭቃ ወፎች ዘንድ ያልተለመደ ጠባይ አላት፤ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ አንድ ነጭ እንቁላል ትጥላለች። የመሬቱ ሙቀት ለእንቁላሉ ያግዛታል። ልጇ ካደገም በኋላ ይከተላታል፤ ሚዳ ላይ ያየሁት ልመና ከዚያ የመጣ ነው።

ደኑ አራቡኮ ሶኮኬ ይባላል። 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከተረፉት ደኖች ትልቁ። መዳፍ የምታህል ትንሽ ጉጉት አለች፤ ሶኮኬ ትባላለች። አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚያው ደን ውስጥ ነው። ራሳችሁ አታገኟትም፤ ቅጠል ነው የምትመስለው። የአካባቢው አስጎብኚዎች ግን ቀን የምታንቀላፋበትን ቁጥቋጦ ያውቃሉ። ለልጆች የምመክረው ሌላ ነው። እንደ ዝሆን የረዘመ ተንቀሳቃሽ አፍንጫ ያላት፣ ትንሽ ጥንቸል የምታህል፣ የጀርባዋ ጫፍ በወርቅ ቀለም የተነከረ የሚመስል ፍጥረት አለች። ደረቅ ቅጠል ላይ ስትሮጥ ከማየታችሁ በፊት ትሰሟታላችሁ።

ባህሩ ውስጥ ያለው ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ከአፍሪካ ቀደምት የባህር ፓርኮች አንዱ ነው። ዋና የማይችል ሰው እንኳ ከታች መስታወት ባለው ጀልባ ኮራሉንና ዓሦቹን ያያል። የባህር ኤሊ ለማየት ዕድል ያስፈልጋል። ግን አንድ ደስ የሚል ሥራ አለ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ውስጥ ኤሊ ሲገባ ደውለው ያሳውቃሉ፤ የጥበቃ ሰዎች መጥተው ኤሊውን ይመዝናሉ፣ ምልክት ያስሩበታል፣ ይለቁታል። አጥማጁ ለድካሙ ትንሽ ካሳ ያገኛል። ይህን የሚሠራው ድርጅት ለጎብኚ በሩ ክፍት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ከአንታርክቲካ የሚመጡ ዓሣ ነባሪዎች በዳርቻው ያልፋሉ። በጀልባ ወጥቶ ማየት ይቻላል፤ ባህሩ በዚያ ወቅት ስለሚናወጥ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ክኒኑን አይርሳ።

አንድ ቅሬታ። ባህሩ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ የሚጠብቁ ወጣቶች ኮከብ ዓሣ ከውሃ አውጥተው እጃችሁ ላይ ያስቀምጣሉ፤ "ፎቶ፣ ፎቶ" ይላሉ። ኮከብ ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ ነው። በአክብሮት እምቢ በሉ። እዚያው ውሃው ውስጥ እያለ አሳዩን በሉ፤ ያሳያሉ፤ ጉርሻውንም ስጧቸው።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አትጨነቁ። ምባዚ የሚባል በኮኮነት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከሦስት ማዕዘን ብስኩት ጋር ይበላል። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ በባቡር ከሄዳችሁ አምስት ስድስት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ጻቮ የሚባለውን የዱር እንስሳት ፓርክ ያቋርጣል። በአፈሩ የቀላ ዝሆን ከመስኮት ማየት ይቻላል። ልጆቹ ገና ባህር ሳይደርሱ ግማሹን ዋጋ አወጣችሁ ማለት ነው።

ኤላት፦ አንገት ለማያመው

ኤላትን የማነሳው እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን ነው። ከአዲስ አበባ ለዚህ ብቻ ብሎ መሄድ ብዙም ስሜት አይሰጥም።

የኤላት ጥቅም ቦታዋ ነው። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች በዓመት ሁለት ጊዜ በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ ይባላል። በፀደይ ከአፍሪካ ወደ ሰሜን የሚመለሱት ሰሃራንና ሲናን አልፈው መጥተዋል። ኤላት ስትታያቸው ርቧቸዋል፤ ደክሟቸዋል። ቅድም ያልኳችሁ ንስሮችም በመጸው በጅቡቲ ገብተው በፀደይ በዚህ አቅጣጫ ነው የሚወጡት፤ የመሄጃና የመመለሻ መንገዳቸው የተለያየ ነው። ለንስር የካቲት፣ ለሌሎቹ መጋቢት።

ከከተማው ሰሜን በድሮ የቆሻሻ መጣያ ላይ የተሠራ የወፎች ማረፊያ አለ። ጠዋት ማልዳችሁ ከሄዳችሁ ወፎች ተይዘው እግራቸው ላይ ቀለበት ሲታሰር ታያላችሁ። ከሃምሳ ሳንቲም ሁለት ሦስት እጥፍ የማይበልጥ ክብደት ያላት ወፍ በሰው ጣቶች መካከል ተይዛ፣ ደረቷ ሲመታ ታያላችሁ። ሰሃራን ያቋረጠችው እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮራል ዳርቻው ላይ ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) አድርጎ መግባት ነው፤ ዓሣው ከዳርቻው ጥቂት ሜትር ላይ ይጀምራል። የፔሳሕ (የአይሁድ ፋሲካ) ሳምንት ሆቴሉ እሳት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ብትይዙ ለኪሳችሁም ለወፉም ይሻላል። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ማየት እንዳትረሱ።

ሐዋሳ፦ ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ

አሞራ ገደል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ። ጀልባዎቹ ዓሣ ያራግፋሉ፤ ሴቶችና ወጣቶች ቢላ ይዘው ያጸዳሉ። ከጀርባቸው ራሰ በራ፣ ደረቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ የሰው ደረት የሚደርስ ወፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደቆመ ሽማግሌ ይጠብቃል። አባ ኮዳ። አንጀት ሲወረወር ሽምግልናው ይቀራል። ይህን ለማየት ፓስፖርትም ዶላርም አያስፈልግም። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ፤ በጀልባ ወጣ ካላችሁ ጉማሬ አለ፤ ዓሣ በል ንስሩ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ቀን ከተረፋችሁ አርባ ምንጭ ጫሞ ላይ አዞ ገበያ የሚባለውን፣ አዞዎች ዳርቻው ላይ ፀሐይ የሚሞቁበትን ቦታ ጨምሩ።

የሐዋሳ ጉድለት ባህር አለመሆኑ ብቻ ነው። ኮራል የለም፣ ኤሊውም ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍ ለሚያይ ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም፤ ወፉ ትልቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አይሸሽም።

እረፍታችሁ መቼ ነው?

ገና ላይ ከሆነ ጅቡቲም ዋታሙም በጥሩ ወቅታቸው ናቸው። ዋና ለሚችል ጅቡቲ፣ ለተቀረው ዋታሙ። ዋታሙ በዚያ ሰሞን ሰው ይበዛባታል፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ይረግባል፤ የእኛ ገና ደግሞ ከዚያ በኋላ መሆኑ ጠቀመን።

ፋሲካ ላይ ሐዋሳ ሂዱ። ኬንያ ዳርቻ ላይ ትልቁ ዝናብ በዚያ ወቅት ነው፤ ጅቡቲም ዓሦቹ ሄደው ሙቀቱ እየመጣ ነው።

ክረምት ላይ ጅቡቲን እርሱት። ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ነፋሱም እሳት ነው። ዋታሙ ግን በዚያ ጊዜ ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ ዓሣ ነባሪዎቹም ያልፋሉ።

ስለ መነጽር አንድ ነገር ልጨምር። 8 በ42 የሚባለው መጠን ለሁሉም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ግን የሩቅ ማያ መነጽር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ የሚችል ዕቃ ነው። ከውጭ ገዝታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ዋታሙ ላይ አስጎብኚዎቹ የራሳቸውን ያውሱዋችኋል።

ባልደረባዬ ፈቃዷ ነሐሴ ላይ ነው። ልጆቿ አይዋኙም። ስለዚህ ዋታሙ ሆነ። ሸርጣን በሏን በብዛት ለማየት ትንሽ ፈጥናለች፤ ቀድመው የሚደርሱት ጥቂቶቹ ይገኙ ይሆናል። ትናንት የሚዳ ክሪክን የሙላት ሰዓት በቴሌግራም ላክሁላት። "ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው?" ብላ መለሰችልኝ። ነገ ምሳ ላይ አስረዳታለሁ።